እንግሊዝ አገር መኪና ተከራይቶ በግራ መንዳት

እንግሊዝ አገር የሚነዳው በግራ ነው። መሪው ደግሞ በቀኝ። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከፍራንክፈርት ለሚሄድ ሰው ሁሉም ነገር የተገለበጠ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚፈራው የለንደንን ጭንቅንቅ ነው። እኔ የምፈራው ጭር ያለውን መንገድ ነው። ብዙ መኪና ካለ የፊተኛውን ትከተላላችሁ። ማንም ከሌለ ግን እጅ የለመደውን ያደርጋል።

1. ከመሄዳችሁ በፊት

ለጉብኝት የገባ ሰው በአገሩ መንጃ ፈቃድ እስከ 12 ወር መንዳት ይችላል። አከራዩ ግን የራሱ መስፈርት አለው። ዕድሜ ያያል፣ መንጃ ፈቃዱ ከወጣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ያያል፣ አንዳንዱ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድም ይፈልጋል። በኢሜይል ጠይቁና መልሱን ይዛችሁ ሂዱ። ክሬዲት ካርዱ በሚነዳው ሰው ስም ይሁን፤ "የአጎቴ ልጅ ይከፍልልኛል" ብዙ ቦታ አይሠራም።

ትንሽ ቢወደድም ኦቶማቲክ ውሰዱ። ማንዋል ከሆነ ማርሽ የምትቀይሩት በግራ እጅ ነው። የፔዳሎቹ ቦታ ግን አይለወጥም፤ ፍሪሲዮን በግራ፣ ፍሬን መሀል፣ ነዳጅ በቀኝ።

2. ስትረከቡ

ሌሊቱን በረራ ላይ አድራችሁ ሂትሮው ከደረሳችሁ ያን ቀን አትንዱ። በባቡር ግቡና ተኙ። ለለንደን ከተማ ራሱ መኪና አያስፈልግም። መሀል ከተማ መግባት ያስከፍላል፣ ማቆሚያም ውድ ነው። መኪና የሚጠቅመው ከከተማ ስትወጡ ነው።

መኪናውን ዙሪያውን በስልክ ቅረጹት፣ ቸርኬዎቹን አትርሱ። "ኢንሹራንስ አለው" ሲሏችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ ጉዳት ቢደርስ ከኪሴ እስከ ስንት ልከፍል ነው? ጎማና መስታወት ብዙ ጊዜ አይሸፈኑም። ከዚያ ወዲያው አትውጡ። እዚያው ግቢ ውስጥ ስፖኪዮውን አስተካክሉ፣ ፍሬቻና መጥረጊያውን ሞክሩ፣ ወደ ኋላም አንዴ ሂዱ።

3. ግራን መልመድ

አንድ ነገር ብቻ ያዙ፦ ሹፌሩ የሚቀመጠው ሁልጊዜ በመንገዱ መሀል መስመር በኩል ነው። አገር ቤትም እንደዚያው ነው። ራሳችሁን ከመንገዱ ዳር በኩል ካገኛችሁት ተሳስታችኋል።

ወደ ግራ ስትታጠፉ ጠበብ አድርጋችሁ፣ ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ሰፋ አድርጋችሁ ነው። አዲስ ሰው የመኪናው ግራ ጎን አይታየውምና ወደ ግራ እየተንሸራተተ ቸርኬውን ከመንገዱ ጠርዝ ድንጋይ ጋር ያጋጨዋል። የግራውን ስፖኪዮ ደጋግማችሁ እዩ።

አሁን ወደ ፈራሁት ልመለስ። ስህተቱ የሚመጣው ከነዳጅ ማደያ ስትወጡ፣ ጠዋት ከሆቴል ግቢ ስትወጡ፣ ከአንድ አቅጣጫ መንገድ ስትወጡ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ድምፅ አውጥታችሁ "ግራ" በሉ። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ካለ ይህን ሥራ ስጡት፤ ሹፌር ማረም የሚጠላ ሰው የለም።

4. አደባባይ

የምትዞሩት በሰዓት አቅጣጫ ነው። ቅድሚያ የምትሰጡት ከቀኝ ለሚመጣው ነው። መሬት ላይ ነጭ ክብ ብቻ የተቀባበት ትንሽ አደባባይም አለ፤ ሕጉ ያው ነው። መውጫው ካለፋችሁ አትደናገጡ፣ አንድ ዙር ጨምሩ።

ከአሜሪካ የምትመጡ ደግሞ፣ በቀይ መብራት ቆማችሁ መታጠፍ እዚህ የለም። ወደ ግራም ቢሆን።

5. ፍጥነትና ጠባይ

ፍጥነቱ በማይል ነው። 30 ማለት በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነጭ ክብ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ካያችሁ "ገደብ የለም" ማለት አይደለም። መሀሉ አካፋይ በሌለው መንገድ ላይ 60፣ በአካፋይ በተለየው ላይ 70 ማይል ነው። ዌልስ ከገባችሁ ከ2023 ጀምሮ በአብዛኛው ሰፈር ውስጥ 20 ነው። ሀይዌይ ላይ በግራው መስመር ሂዱ፣ የሚቀደመው በቀኝ ነው። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት 200 ፓውንድ ያስቀጣል።

አዲስ አበባ ላይ ረጅም መብራት ብልጭ ያደረገላችሁ ሰው "መጣሁ፣ ዞር በሉ" እያለ ነው። እንግሊዞች ብዙ ጊዜ "እለፉ" ለማለት ይጠቀሙበታል። የትራፊክ መመሪያቸው ግን በዚህ ምልክት አትተማመኑ ይላል። ስለዚህ መኪናው በእውነት ሲቆም እዩና እለፉ።

ልጅ ካለ የልጅ መቀመጫ ቀድማችሁ እዘዙ። 12 ዓመት እስኪሞላው ወይም ቁመቱ 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ግዴታ ነው። አደጋ ከደረሰ 999 ደውሉ።

6. ነዳጅ፣ ክፍያና መመለስ

ነዳጅ የምትቀዱት ራሳችሁ ናችሁ። ብዙውን ጊዜ አረንጓዴው የመቅጃ እጀታ ቤንዚን፣ ጥቁሩ ናፍታ ነው፤ ቢሆንም ክዳኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከለንደን በስተምሥራቅ በዳርትፎርድ በኩል የቴምዝን ወንዝ ካቋረጣችሁ መሻገሪያው ያስከፍላል፣ ገንዘብ ተቀባይ ግን አታገኙም። ካሜራ ሰሌዳችሁን ያነባል፣ እናንተ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት በኢንተርኔት ትከፍላላችሁ። ካልከፈላችሁ ቅጣቱ ለአከራዩ ይደርሰዋል፤ እሱም የአገልግሎት ክፍያ ጨምሮ ወደ እናንተ ያዞረዋል።

ስትመልሱ ታንኩን ሞልታችሁ ደረሰኙን ያዙ፣ መኪናውን እንደገና ቅረጹ፣ ሠራተኛው አይቶ እንዲፈርምላችሁ ጠይቁ። የካሜራ ቅጣት ዘግይቶ ስለሚመጣ የካርዳችሁን ሒሳብ አገራችሁ ከገባችሁ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ተከታተሉ።