ደረትን በስክሪን ገልጦ ማየት፦ ለአናቶሚ ተማሪዎቼ

ደሴ ውስጥ አናቶሚ አስተምራለሁ። አንድ አስከሬን ከብበን ስንቆም ከኋላ ያለው ልጅ የጎድን አጥንት እንዴት እንደሚታጠፍ ሳያይ ይወጣል። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

የሕክምና ምስሎችን ከፍቶ ወደ ስሪ ዲ ቅርጽ የሚቀይረውን ስሪ ዲ ስላይሰር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርዱ። ፋይሉ ትልቅ ስለሆነ አንዳችሁ አውርዳችሁ በፍላሽ ተቀባበሉ። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ለመጀመሪያ ይበቃል። ከሆስፒታል የታካሚ ምስል ያለበት ሲዲ ለምናችሁ እንዳታመጡ፤ ፋይሉ ውስጥ የሰውየው ስም አብሮ ተጽፏል። ፕሮግራሙ «ሲቲ ቼስት» የሚል የመለማመጃ ፋይል አለው፤ ኔትወርክ እያለ አስቀድማችሁ አውርዱት።

ሲከፈት ወደ ባለቀለሙ ምስል አትቸኩሉ። መሶብ ውስጥ የተደራረበ እንጀራ አስቡ፤ ሲቲ፣ ማለትም ሰውነትን በኤክስሬይ ንብርብር በንብርብር የሚያነሳው መሣሪያ፣ እያንዳንዱን እንጀራ ለየብቻ ያሳያችኋል። 30 ሴንቲሜትር ደረት በ1 ሚሊሜትር ሲከፈል 300 ምስል ይሆናል፤ በ5 ሚሊሜትር 60 ብቻ፣ አጥንቱም እንደ ደረጃ ተሸራርፎ ይወጣል። የማውሱን ጎማ እያሽከረከራችሁ ከአንገት ወደ ታች ውረዱ። ጉበት በስክሪኑ ግራ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ የምታዩት ከታካሚው እግር በኩል ቆማችሁ ነው።

አሁን አንድ ጎድን ብቻ ያዙ። ጎድን ከጀርባ ተነስቶ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወርደው መንገድ እየታጠፈ ወደ ፊት ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ በአንዱ ምስል ላይ የምታዩት ቁራጩን ነው፤ አጠገቡ ያለው ቁራጭ የሌላ ጎድን ነው። ጣታችሁን ስክሪኑ ላይ አድርጋችሁ ከአከርካሪው እስከ ፊት ተከተሉት። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ልምምድ ይህ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅም አትዝለሉት።

ቀጥሎ «ሴግመንት ኤዲተር» ውስጥ ገብታችሁ አዲስ ክፍል ጨምሩ፤ «ትሬሾልድ» ላይ ዝቅተኛውን ቁጥር 200 አድርጉ። ቁጥሩ የጥግግት መለኪያ ሲሆን በሲቲ ሥራው በ1979 እ.ኤ.አ. ኖቤል በተሸለመው በጎድፍሬይ ሀውንስፊልድ ስም የሚጠራ ነው፦ ውሃ 0፣ አየር 1000 ከዜሮ በታች፣ አጥንት ከሁለቱም በላይ። «አፕላይ»፣ ከዚያ «ሾው ስሪ ዲ» ስትሉ የደረት ቅርጫቱ ይቆምላችኋል።

አንዲት ተማሪዬ እዚህ ላይ ስትደርስ ፊቷ ጠቆረ። «ቲቸር፣ ጎድኖቹ ደረት አጥንቱ ጋ አልደረሱም፤ አበላሸሁት መሰለኝ» አለችኝ። ምንም አላበላሸችም። መሃል ያለው ካርቲሌጅ (ለስላሳው አጥንት) ጥግግቱ ከአጥንት ስለሚያንስ ከ200 በታች ቀርቷል። ቁጥሩን ቀስ እያለች ስታወርድ ካርቲሌጁ ከፊት ብቅ ማለት ጀመረ፤ ይበልጥ ስታወርደው ደግሞ ሌላውም ሥጋ ተጥለቀለቀ። የሰባተኛው ጎድን ካርቲሌጅ የት እንደሚያርፍ ከዚያ ወዲህ ጠይቄያት ተሳስታ አታውቅም። ታካሚው ኮንትራስት (ደም ሥርን በምስሉ ላይ የሚያደምቅ መድኃኒት) ከተወጋ ደም ሥሮቹም ከአጥንቱ ጋር ይወጣሉ፤ በ«ሴግመንት ኤዲተር» መቀስ ቆርጣችሁ አስወግዱ።

በየአሥር ደቂቃው ሴቭ አድርጉ፤ አንድ እሁድ መብራት ጠፍቶ የሦስት ሰዓት ሥራ አጥቻለሁ። ሲያልቅ ላፕቶፑን ይዛችሁ ክፍል ኑና እውነተኛውን ደረቅ ጎድን ከጎኑ አስቀምጡ። በታችኛው ጠርዝ፣ በውስጥ በኩል፣ ነርቭና ደም ሥር የሚያልፍበትን ቦይ በአውራ ጣታችሁ ዳብሱ፤ ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፈልጉት።