የእንጉዳይ ከረጢት አረንጓዴ ሲለብስ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ የተጻፈው ኦይስተር እንጉዳይ በስንዴ ገለባ፣ በጤፍ ጭድ፣ በበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም በጥጥ ፍሬ ተረፈ ምርት ላይ ዘርቶ ለተቸገረ ሰው ነው። ዘር መደባለቅና ከረጢት ማሰር ትችላላችሁ ብዬ እነሳለሁ። ጥቃቅኑን ችግር ቶሎ ልለፈው፤ ከሰው ቤት ሰው ቤት የሚያስጠራኝ አረንጓዴው ሻጋታ ነው።

ግንዱ ረዝሞ ቆቡ ትንሽ ከቀረ ቤቱ ታፍኗል። መስኮቱን ክፈቱና በወንፊት ሽቦ ሸፍኑት። የቆቡ ጠርዝ ደርቆ ከተሰነጠቀ የአየሩ እርጥበት ወርዷል፤ ከ80 እስከ 90 በመቶ ያስፈልጋል። ወለሉን አርጥቡ፣ ውሃ የጠጣ ጆንያ ስቀሉ፤ በቆቡ ላይ ግን ውሃ አታፍስሱ፤ ቢጫ ነጠብጣብና ልጋግ የሚያመጣው እሱ ነው። ብርቱካንማ ዱቄት በከረጢቱ አፍ ላይ ካያችሁ ሳትከፍቱ ጠቅልላችሁ አውጡት። እንደ ቀለም ጥቁር እየሆነ የሚቀልጥ ቀጭን እንጉዳይ ከበቀለ የጥጥ ፍሬው በዝቷል፤ የዘራችሁት እሱ አይደለምና አትብሉት። ትንኝ መሳይ ጥቃቅን ዝንቦች ከመጡ መረብ ዘርጉ። የነፍሳት መድኃኒት የሚረጭ ሰው ግን እኔን አይጥራኝ። ሰው በሚበላው ነገር ላይ መርዝ አይረጭም።

ከዘሩ የሚያድገው ነጭ ድር በአሥር ቀን ውስጥ ጨርሶ ካልተነሳ ወይ ጭዱ ሳይበርድ ዘርታችኋል፣ ወይ ዘሩ የማይረባ ነው። በየቦታው የሚሸጠው ዘር ያናድደኛል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዘሩ የሚያድግበትን ማሽላ በተራ ድስት ቀኑን ሙሉ ቢቀቅሉት እንኳ ጠንካራዎቹ ባክቴሪያዎች አይሞቱም። በእንፋሎት ግፊት 121 ዲግሪ መድረስ አለበት። የዘሩን ጠርሙስ ስትከፍቱ ኮምጣጣ ከሸተተ፣ ወይም ከታች ቢጫ ውሃ ካቆረ፣ ለሻጩ መልሱለት።

አሁን ወደ አረንጓዴው። ትሪኮደርማ የሚባለው ይህ ሻጋታ ሲጀምር እሱም ነጭ ነው፤ ስለዚህ ሰው «ዘሩ ያዘ» ብሎ ይደሰታል። ከአምስት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መሐሉ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲነኩት እንደ ዱቄት ጣት ላይ ይቀራል። ባለቤቱ ያኔ ዘሩን ይወቅሳል፤ የሰው ዓይን ነው ብለው በር የዘጉም ገጥመውኛል። እኔ ካየሁት አብዛኛው ጭዱ በእንፋሎት ከሚቀቀልበት በርሜል የሚነሳ ነው።

አንድ የወጣቶች ማኅበር በየዙሩ ከ40 ከረጢት ወደ አሥር ያህሉ እየተበላሸበት ሦስት ጊዜ ዘር ቀየረ። በአራተኛው ዙር ከበርሜሉ አናት፣ ከመሐልና ከታች የወጣውን ጭድ ለይተን ከረጢቶቹን በቀለም ምልክት አደረግንባቸው። አረንጓዴ የለበሱት ሁሉም የመሐሉ ነበሩ። ልጆቹ ጭዱን በእግራቸው ረግጠው ስለሚሞሉት እንፋሎቱ በጠርዝ በጠርዝ ወጥቶ ክዳኑን ያንቀጠቅጣል፤ መሐሉ ግን ለብ ከማለት አያልፍም። እነሱ ደግሞ እንፋሎት ከታየበት ደቂቃ ጀምረው ሰዓት ይቆጥራሉ።

መፍትሄው ይህ ነው። ጭዱን ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲሜትር ቆራርጡት፤ ሳትረግጡ ሙሉት። ዙሪያውን የተበሳ ቧንቧ በበርሜሉ መሐል አቁሙ። ረጅም ዘንግ ያለው ቴርሞሜትር እስከ መሐል አስገቡና 70 ዲግሪ ሲያልፍ ያን ጊዜ ሰዓት ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ይቆይ። ማገዶ ለመቆጠብ በሁለት ሰዓት የሚያወጣ ሰው ከረጢቱንም ዘሩንም ድካሙንም ይጥላል። ማኅበሩ ይህን ካደረገ በኋላ በሚቀጥለው ዙር የተበላሸበት አንድ ከረጢት ብቻ ነው።

ከበርሜሉ ቀጥሎ የምፈትሸው እርጥበቱን ነው። ጭዱን በእጃችሁ ጭመቁት፤ አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ይበቃል። ከጣታችሁ መሐል ከወረደ አትዝሩ። ውሃ በከረጢቱ ግርጌ ሲያቁር ጭዱ ይታፈናል፣ ይሸታል፤ አረንጓዴውም ከዚያ ይነሳል።

አንዲት እናት ደግሞ በርሜሏ፣ ጭዷ፣ ዘሯ ሁሉ እንከን አልነበረውም፤ ግን በየዙሩ ትከስራለች። ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ ሥራዋን ስመለከት ቆየሁ። የተቀቀለውን ጭድ ለማብረድ ያሰጣችበት ሸራ ጠዋት ጥሬውን ገለባ የቆራረጠችበት ነበር! ሸራው በበረኪና ታጥቦ ለማብረጃ ብቻ ተለየ፣ ነገሩም አበቃ። በግቢ ውስጥ፣ ነፋስ አቧራ በሚያመጣበት፣ ዶሮ በሚጭርበት አታብርዱ።

ጭዱን በበርሜል በመቀቀል ፈንታ በኖራ ውሃ የምትዘፈዝፉ ሰዎች፣ ምን ዓይነት ኖራ እንደያዛችሁ እወቁ። ለአሲዳማ አፈር የሚታደለው የተፈጨ ድንጋይ ውሃውን ሻጋታ የሚገድል ያህል አያከረውም። የሚሠራው ተቃጥሎ ውሃ የጠጣው፣ ግድግዳ የሚቀባበት ነጭ ዱቄት ነው። ለ100 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ በጥብጣችሁ ጭዱን ከ12 እስከ 18 ሰዓት ሙሉ በሙሉ አስጥማችሁ አቆዩት። ጓንት አድርጉ፤ ዓይንን ያቃጥላል። ልጅ አታስጠጉ።

አንዴ ከወጣስ? ከረጢቱ ከሞላ ጎደል ነጭ ለብሶ አረንጓዴው ከአንድ ብር ሳንቲም ካልበለጠ ለብቻው አግልሉት፤ ድሩ አንዳንድ ጊዜ ይሸፍነዋል። ከዚያ ከሰፋ አልቅሱበትና ጣሉት። በፍጹም አትክፈቱት! አንድ ደንበኛዬ ከረጢቱን እዚያው ክፍል ውስጥ ቀዶ ሻጋታውን በማንኪያ ሲጭር ደረስኩ። በአሥር ቀን ውስጥ የነበሩት 70 ከረጢቶች ሁሉ አረንጓዴ ሆኑ። ሌላ ፌስታል አልብሳችሁ፣ አፉን አስራችሁ፣ ከቤቱ ርቃችሁ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት። ለከብት አትስጡት። ልብሳችሁን ቀይሩ፣ እጃችሁን ታጠቡ፤ በዚያ ቀን ወደ ደኅነኞቹ ከረጢቶች ተመልሳችሁ አትግቡ። ክፍሉን በረኪና በተቀላቀለ ውሃ እጠቡና እስኪደርቅ በሩን ክፍት ተዉት።