በጊታሩ ድምፅ የተዋጡትን ቫዮሊኖች እንዴት እንዳወጣኋቸው

በሲምፎኒክ ሜታል (ኦርኬስትራን ከከባድ ሮክ ጋር በሚያዋህድ ሙዚቃ) ቅንብራችን ውስጥ ለብቻቸው ሲደመጡ ጥርት ያሉት ቫዮሊኖችና ቼሎዎች፣ ዲስቶርሽን (ድምፅን ሆን ብሎ የሚያሻክር ማዛባት) ያላቸው ጊታሮች ሲገቡ ጨርሰው ይጠፉ ነበር። ዲስቶርሽን በእያንዳንዱ ኖታ ላይ በርካታ ሃርሞኒኮችን (ከዋናው ድምፅ በላይ የሚሰሙ ተጓዳኝ ድምፆችን) ስለሚጨምር፣ ጊታሩ ቫዮሊኖቹ የሚደምቁበትን የድምፅ ክልል ይሞላዋል፤ በመሆኑም የኦርኬስትራውን ድምፅ ከፍ ማድረግ ሙዚቃውን ከማጨናነቅ በቀር የሚፈይደው ነገር የለም።

ዋናው መፍትሔ የተገኘው ከራሱ ከቅንብሩ ነው። ጊታሮቹ የኮርዱን (አብረው የሚሰሙ ድምፆች ስብስብ) መነሻና አምስተኛውን ድምፅ ብቻ እንዲይዙ፣ ኮርዱ ሜጀር ወይም ማይነር መሆኑን የሚወስነውን ሦስተኛውን ድምፅ ደግሞ ቫዮሊኖቹ ከጊታሮቹ በላይ ባለው ኦክታቭ (የድምፅ እርከን) እንዲጫወቱት አደረግሁ፤ በእኔ እምነት ከየትኛውም የማሽን ማስተካከያ የበለጠ የሠራው ይህ ነው። ከዚያም በኢኪው (የድምፅ ክልሎችን ለይቶ ከፍና ዝቅ በሚያደርግ መሣሪያ) በ2,000 ኸርዝ አካባቢ ከጊታሮቹ 3 ዴሲቤል ያህል ቀነስሁ፤ ጊታሮቹንም ወደ ግራና ቀኝ ዳር አራራቅኋቸው።

ድባቡን የሚፈጥረው የሲንተሳይዘር ፓድ (ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚወጣ ለስላሳና ረዥም ድምፅ) ረዥም ሪቨርብ (የማስተጋባት ድምፅ) ስላለው ከበሮውን ያደበዝዝ ነበር። ስኔሩ (ከከበሮዎቹ ጥርት ብሎ የሚጮኸው) በተመታ ቁጥር ፓዱ ለቅጽበት ዝቅ እንዲል ኮምፕሬሰር (ድምፅን በራሱ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ) አሰርሁለት። ትሮምቦኖቹ (የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ) ግን ጊታሩን የሚቋቋም ጉልበት ስላላቸው አልነካኋቸውም።