የማይለቅ ሽፍታና እብጠቴ እንዴት እንደተሻለኝ
ከ6 ሳምንት በላይ እየተመላለሰ ሲያሳክከኝ፣ አልፎ አልፎም ከንፈሬንና የዓይኔን ቆብ ሲያሳብጥ የቆየውን ሽፍታ ያስታገሰልኝ፣ ሴትሪዚን የተባለውን የአለርጂ መድኃኒት ሽፍታው በሚወጣበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ቆዳዬ ንጹሕ በሆነባቸው ቀናት ጭምር ሳላቋርጥ መውሰዴ ነው፤ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚሠራው ሂስታሚን (ማሳከክና እብጠት የሚያመጣው የሰውነት ኬሚካል) ከመለቀቁ በፊት ቀድሞ ሲገኝ ነውና። በቀን 10 ሚሊግራም አልበቃ ሲለኝ የቆዳ ሐኪሜ መጠኑን ደረጃ በደረጃ ከፍ አደረጉልኝ፤ እስከ 4 እጥፍ ሊደርስ የሚችለው ግን በሐኪም ክትትል ብቻ ነው። ይህም ለማይበቃቸው ኦማሊዙማብ የተባለ፣ በየ4 ሳምንቱ የሚሰጥ መርፌ አለ። ሽፍታውን ሊያባብስ የሚችለውን የሕመም ማስታገሻ፣ አይቡፕሮፌንን፣ መተዌም ረድቶኛል። ብዙ ሰው እንደሚመክረው ምግብ ሁሉ እየቀነሱ መራብ ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ትርፉ ድካም ነው፤ ለዚህ ሕመም ምግብ መንስኤ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ምላስ ወይም ጉሮሮ ካበጠ ግን ክኒን ውጦ መጠበቅ ሳይሆን ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።