በሀዋሳ ተለማማጅ ተቀብለው ባለሙያ ማፍራት ለሚፈልጉ አሠሪዎች

በሀዋሳ የብረታ ብረት ወርክሾፕ፣ ጋራዥ ወይም ሆቴል ያላቸው አሠሪዎች ስለ ባለሙያ እጥረት ሲያማርሩ ይሰማል፤ ይሁንና ብዙዎቹ የሚፈልጉትን ሰው በጥቂት ብር ጭማሪ ከጎረቤት ድርጅት ከመውሰድ ያለፈ መላ አላበጁም። ይህ አካሄድ ደመወዝን ከማናር በቀር የከተማዋን ባለሙያዎች ቁጥር በአንድ ሰው እንኳ አይጨምርም። ተለማማጅ ተቀብሎ ማሠልጠን ግን ይጨምራል።

በመጀመሪያ አንድ ሰው ሲቀር ሥራው በሙሉ የሚቆምበት ሙያ የቱ እንደሆነ ይለዩና ከእርሱ ይጀምሩ። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ኮሌጁ፣ ድርጅቱና ሠልጣኙ ተስማምተው ንድፈ ሐሳቡ በኮሌጅ፣ አብዛኛው የተግባር ልምምድ ደግሞ በድርጅቱ የሚሰጥበት የትብብር ሥልጠና ነው፤ ለዚህ የሀዋሳ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅን ማነጋገር ይቻላል። ሁለተኛው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከተለማማጁ ጋር በቀጥታ የሚደረግ የሙያ መልመጃ ውል ነው። ውሉ በጽሑፍ ተደርጎ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውን አበልና የሥራውን ሁኔታ መግለጽ አለበት፤ የተለማማጁም ዕድሜ ከ15 ዓመት ማነስ የለበትም። ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠሩ አዋጁ ስለሚከለክል፣ በተለይ ሆቴሎች ፈረቃ ሲያወጡ ይህን ሊያስቡበት ይገባል።

ሥልጠናው የሚሰምረው ወይም የሚከሽፈው ግን በአሠልጣኙ ነው። በእጁ የተዋጣለት ሁሉ ማስተማር አይሆንለትም፤ ስለዚህ ትዕግሥት ያለውንና የሚሠራውን በቃል ማስረዳት የሚችለውን ይምረጡ። በሠራው ልክ የሚከፈለው ባለሙያ ለማስተማር ባቆመ ቁጥር ከገቢው ስለሚጎድልበት፣ ያጣውን ካልተካችሁለት ተለማማጁን ዕቃ አቀባይ አድርጎ ያስቀረዋል፤ በዚህም ልወቅሰው አልችልም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ያስተማረው ልጅ በአነስተኛ ደመወዝ ቦታውን ይወስድብኛል የሚለው ስጋት ነው። አሠሪው የአሠልጣኝነት ክፍያውን ከመነሻው ቆርጦ ማሳወቅና የነባሩ ሠራተኛ ቦታ እንደማይነካ በግልጽ ቃል መግባት አለበት፤ ቃሉንም ማክበር አለበት።

ሥራው በቅደም ተከተል ይሰጥ። በብየዳ ሥራ ለምሳሌ፣ ተለማማጁ የዓይን መከላከያና የኤሌክትሪክ ጥንቃቄን ከተማረ በኋላ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ረጅም ብረት) መለካትና መቁረጥ፣ ቀጥሎ በቁርጥራጭ ብረት ላይ መበየድ፣ ከዚያም በአሠልጣኙ ክትትል የመስኮት ፍሬም መሥራት ይችላል። የተበላሸውን ብየዳ ራሱ ፍቆ እንደገና እንዲሠራው ማድረግ ጊዜ ቢወስድም፣ ስህተቱ ከየት እንደመጣ የሚገባው በዚህ ነው። የተማረው በየሳምንቱ በመዝገብ ሰፍሮ አሠልጣኙ ይፈርምበት። ግቢ ሲያስጠርጉትና ሻይ ሲያስመጡት መዋል ግን ሥልጠና አይደለም፤ አዋጁም ከሙያው ጋር ግንኙነት በሌለው ሥራ ላይ መመደብን አይፈቅድም።

አበሉ ቢያንስ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪን ይሸፍን፤ ባዶ ሆዱን የሚውል ወጣት ከማሽን አጠገብ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። ሥልጠናው ሲያበቃ ተለማማጁን ለሙያ ብቃት ምዘና ያስመዝግቡት። ሊቀጥሩት ከፈለጉ ደመወዙን ሥልጠናው ከማለቁ አስቀድመው ይንገሩት፤ ምን እንደሚከፈለው ሳያውቅ የምስክር ወረቀቱን የያዘ ወጣት በማግሥቱ ሌላ በር ማንኳኳቱ አይቀርም።