ሱቃችሁን በስልክ ላይ እንዴት እንደምትከፍቱ፦ ከጎንደር ፒያሳ

ጎንደር ፒያሳ የሀገር ልብስ እሸጣለሁ። ጋቢ፣ ኩታ፣ ነጠላ፣ የጥበብ ቀሚስ። ድሮ ጥር 11 ሲቃረብ እንግዳው ከተማ ይገባል፣ በሱቁ ደጃፍ ያልፋል፣ ዓይኑ የገባውን ይገዛል። አሁን ግን ገና ከቤቱ ሳይነሳ በስልኩ አይቶ፣ ዋጋ አወዳድሮ፣ መርጦ ነው የሚመጣው። ስልኩ ላይ ያላየንን ሰው ደጃፋችን ላይ መጠበቅ ከባድ ሆኗል። ይህ ለትልቅ ሆቴልም፣ አራዳ ገበያ በርበሬ ለምትሸጥ እናትም ያው ነው። እንዲያውም ለማስታወቂያ የምትከፍለው ለሌላት ለእሷ ይብሳል።

1. አንድ ቦታ ምረጡ

ሁሉንም ባንድ ቀን አትክፈቱ፤ ሁሉም ባዶ ሆኖ ይቀራል። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ፌስቡክ ላይ አሉ። ወጣቱ ቲክቶክ ላይ ነው። እኔ ለጀማሪ የምመክረው የቴሌግራም ቻናል ነው። ዕቃው በተርታ ይቀመጣል፣ ደንበኛው ወደ ኋላ ሄዶ የፈለገውን ያገኛል። ቲክቶክ ብዙ ሰው ያመጣል፣ ግን ቪዲዮ መሥራት ጊዜ ይበላል። ሱቁን ብቻውን ለሚጠብቅ ሰው አይሆንም።

2. በራሳችሁ ቁጥር ክፈቱ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

የመጀመሪያ ቻናሌን የከፈተልኝ ሱቅ የሚያግዘኝ ልጅ ነበር። በራሱ ስልክ ከፈተው። እኔ ፎቶ እልክለታለሁ፣ እሱ ይለጥፋል። ከአንድ ሺህ በላይ ተከታይ አፈራን። ከዚያ ልጁ ሥራ አግኝቶ ሄደ፣ በሄደበት ስልኩ ተሰረቀ። ቴሌግራም መግቢያ ኮዱን የሚልከው በዚያ ቁጥር ነው። ሲሙ ደግሞ በሌላ ሰው ስም የወጣ ስለነበር ማስተካት አልተቻለም። ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቻናሉ እንደተቆለፈ ሱቅ ቀረ። ሰው ይጽፋል፣ መልስ የሚሰጥ የለም። ልጁ ጥፋት የለበትም። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ቻናሉን በእናንተ ስም በተመዘገበ ሲም ክፈቱት። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን (ከመግቢያ ኮዱ ሌላ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሁለተኛ ቁልፍ ነው) አብሩ፤ የይለፍ ቃሉንም ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። የሚያግዛችሁን ሰው አድሚን ማድረግ ትችላላችሁ። አድሚን ይለጥፋል፣ ባለቤቱ ግን እናንተ ናችሁ።

አሁን ቻናላችሁ በሌላ ሰው ስልክ ከሆነ ዛሬውኑ አዛውሩት። መጀመሪያ እናንተን አድሚን ያደርጋችኋል፣ ቀጥሎ ባለቤትነቱን ያስተላልፍላችኋል። ግን ቴሌግራም ይህን የሚፈቅደው ባለቤቱ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽኑን ካበራ ቢያንስ 7 ቀን ሲሞላው ነው። ሰውየው ሻንጣውን ሲሸክፍ ብትጠይቁት ላይደርስ ይችላል።

የፌስቡክ ገጽም ያው ነው። ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው ሁለት ይሁን፤ አንዱ የግድ እናንተ።

3. ፎቶ አንሱ፣ ዋጋ ጻፉ

ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ጠዋት በር ላይ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን አንሱ። በአምፖል ብርሃን ያነሳሁት ወርቃማ ጥለት ቢጫ መስሎ ወጥቶ፣ ቢጫ የፈለገች ደንበኛ ቀሚሱን መልሳልኛለች።

ዋጋውን ደግሞ እዚያው ከፎቶው ሥር ጻፉት። «ለዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለውን ነገር አጥብቄ እቃወማለሁ። ገዢው «ሻጩ ሰው አይቶ ዋጋ ሊጠራ ነው» ብሎ ይጠረጥራል፣ ብዙው ሳይጠይቅ ያልፋል። እኔ ዋጋ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ የሚደውልልኝ ሰው ለመግዛት የቆረጠ ነው። ቁመቱን፣ ወርዱን፣ የእጅ ሥራ ይሁን የማሽን ጨምሩበት።

4. ክፍያው መግባቱን በራሳችሁ ሂሳብ እዩ

ገዢው የሚልከው የቴሌብር ወይም የባንክ ደረሰኝ ፎቶ ማስረጃ አይደለም። ፎቶ ይቀናበራል። የራሳችሁን ሂሳብ ከፍታችሁ ብሩን ሳታዩ ዕቃ አትላኩ፤ ደንበኛው ቢቸኩልም።

5. ሱቁን ጎግል ማፕ ላይ አስገቡ

በነፃ ነው። ፋሲል ግቢን ጎብኝቶ የሚወጣ እንግዳ ሱቃችሁን በእግሩ ያገኛል።

6. ደብተር ያዙ

ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት መቋረጡን ሁላችንም እናስታውሳለን። ቻናልም ፌስቡክም ዝም አሉ። እኔን ያቆየኝ አንድ የተማሪ ደብተር ነው። የገዛ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ስልኩ፣ የወሰደው ዕቃና ልኩ ተጽፎበታል። የ2016 ጥምቀት ሲቃረብ ስልክ በሠራ ሰዓት ሁሉ ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ ደወልኩ።