ጄኔራል መከላከያ ሚኒስትር ሲሾም ድምፁን እንዴት እናንብብ?

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ሰዎችን አስጠናለሁ። ፈተናው የሴኔተራችሁን ስም ይጠይቃል። ስሙን ካወቃችሁ አይቀር ምን ላይ እጁን እንዳወጣም እዩ እላቸዋለሁ።

መለማመጃዬ የመከላከያ ሚኒስትር ሹመት ነው። በ1947 (እዚህ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የወጣው ሕግ ከጦሩ የተሰናበተ መኮንን 10 ዓመት ሳይሞላው ይህን ወንበር እንዳይዝ ከለከለ። በ2008 ወደ 7 ዓመት ወረደ፤ በ2021 መጨረሻ ለጄኔራሎች ተመልሶ 10 ሆነ። ጦሩን ሲቪል ይምራው ነው ነገሩ። ደርግን ላየ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም።

ኮንግረስ ግን ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ልዩ ፈቃድ በሕግ ማውጣት ይችላል። ለጄኔራሎቹ ለጆርጅ ማርሻል በ1950፣ ለጄምስ ማቲስ በ2017፣ ለሎይድ ኦስቲን በ2021 አውጥቷል።

እንግዲህ መጀመሪያ ድምፁ ሁለት መሆኑን ያዙ። አንዱ “ሕጉ ለዚህ ሰው ይላላለት ወይ?” የሚል ነው። በሁለቱም ምክር ቤቶች፣ በሴኔቱና በተወካዮች ምክር ቤት፣ ያልፋል፣ ፕሬዚዳንቱም ይፈርምበታል። ሌላው “ይሾም ወይ?” ነው፤ እሱን የሚወስነው ሴኔቱ ብቻ ነው። ዜናው ጎላ አድርጎ የሚያወራው ሁለተኛውን ነው። እንዳትሸወዱ!

የኦስቲንን እዩ። ሹመቱ በሴኔት 93 ለ2 አለፈ። ልዩ ፈቃዱ ግን 69 ለ27 ነበር። ሴኔተር ታሚ ደክዎርዝ ኢራቅ ውስጥ ሄሊኮፕተራቸው ተመትቶ ሁለት እግራቸውን ያጡ የጦር ሰው ናቸው። ኦስቲንን ያጩት ደግሞ የራሳቸው ፓርቲ ፕሬዚዳንት ናቸው። ሆኖም ፈቃዱን ተቃወሙ፣ ሹመቱን ደገፉ። ሹመቱን ብቻ ያየ ሰው ይህን አቋም ጭራሽ አያገኘውም። እኔ በበኩሌ እንዲህ ለሚለይ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ።

ቀጥሎ ማን ምን ድምፅ እንደሰጠ የሚያሳየውን ዝርዝር ከሴኔት ዶት ጎቭ አውጡና አትሙት። ዴሞክራቱን በአንድ ቀለም፣ ሪፐብሊካኑን በሌላ አስምሩ። የሁለቱ ፓርቲ ስምምነት የቱ ጋ እንደላላ ወዲያው ይታያችኋል። የተወካዮች ምክር ቤቱን ዝርዝር ከራሱ ድረ ገጽ ታገኛላችሁ።

ከዚያ ምክንያቱን ፈልጉ። የማቲስ ፈቃድ በሴኔት 81 ለ17 ሲያልፍ በማግስቱ በተወካዮች ምክር ቤት 268 ለ151 ሆነ። ሰውዬው ያው ናቸው፤ ምን ተገኘ? ማቲስ በሴኔቱ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ተጠይቀዋል። በተወካዮች ኮሚቴ ፊት ሊቀርቡ የነበረውን ግን የትራምፕ የሽግግር ቡድን ሰረዘው። ብዙ ዴሞክራቶች በዚህ ተቆጡ።

የአንድን ሰው ድምፅ ከዓመት ዓመት ማስተያየትም አትርሱ። ሴኔተር ጃክ ሪድ የማቲስን ደግፈው፣ ከእንግዲህ ሌላ ፈቃድ አልደግፍም ብለው ነበር። በ2021 የኦስቲንንም ደገፉ። ሐሳብ መቀየር ነውር አይደለም፤ ለምን ብሎ መጠየቅ ግን የመራጭ መብት ነው።

ለመጠየቅ 202-224-3121 ደውሉ፤ የካፒቶል ማዞሪያ ነው፣ ከሴኔተራችሁ ቢሮ ያገናኛችኋል። ዚፕ ኮዳችሁን ተናገሩ፣ የትኛውን ድምፅ ማለታችሁ እንደሆነ ለዩ። አዲስ ዕጩ ሲመጣ ደግሞ ስሙ በተሰማ ሰሞን ደውሉ። የኦስቲን ስም ታኅሣሥ 2020 መጀመሪያ ላይ ተነገረ፤ ፈቃዱ ጥር 21 ቀን 2021 በአንድ ቀን ሁለቱንም ምክር ቤቶች አለፈ።